ምክር ፈላጊው ተማሪ ሲበዛ፦ የትኛው አማራጭ ለየትኛው ግቢ?

ከምክር ክፍላችን በር ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። ጥቅምት ላይ ባዶዋን ትውላለች። የሚድ ውጤት ሲለጠፍ ሁለት ሦስት ተማሪ ይቀመጥባታል፤ የፋይናል ሰሞን ግን መቆሚያም የለ። ከሚመጡት ብዙዎቹ «ምክር ፈልጌ ነው» አይሉም። የዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ) ፎርም በእጃቸው ይዘው ነው የሚገቡት፤ ፎርሙ ላይ «የካውንስለር ፊርማ» የሚል መስመር አለ። «ፊርማ ብቻ ነው የምፈልገው» ይላል ልጁ፣ እንደ ቆመ። «እስኪ ቁጭ በል፤ ለምንድን ነው የምታቋርጠው?» ሲባል ሁለት ደቂቃ ስለ ካልኩለስ ያወራል። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ እንቅልፍ በዓይኑ ካልዞረ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ይናገራል።

ይህን የምጽፈው በተማሪዎች ዲን ቢሮ፣ በምክር ክፍልና በግቢ ክሊኒክ ለምትሠሩ ነው። «ተማሪው በዛብን፣ ምን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ስብሰባ ላይ ሲነሣ ወዲያው የሚከተለው «ሰው ይቀጠርልን» ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ካሉት መንገዶች ሁሉ ውዱ ነው፤ ለብቻውም አይበቃም። ሌሎቹንም አብረን እንመዝናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ

ጭማሪው የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው የኮሌጅ የአእምሮ ጤና ማዕከል በመዘገበው መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት የተመዘገበው ተማሪ 5 በመቶ ገደማ ሲጨምር የምክር ማዕከላት ተጠቃሚ ግን ከ30 እስከ 40 በመቶ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የኮሌጅ ተማሪዎች ጥናት ደግሞ በ8 አገሮች፣ በ19 ኮሌጆች ወደ 14,000 የሚጠጉ ጀማሪ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ከሦስቱ አንዱ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ድባቴን፣ የጭንቀት ሕመምን ወይም ሌላ የአእምሮ ጤና ችግርን የሚያመለክት ምልክት እንደነበረበት አግኝቷል።

እኛ ጋ የራሳችን ጫና ተጨምሮበታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ማለፊያ ላላመጡት ሬሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም አለ። ስለዚህ ተማሪው በመግቢያው «እወድቅ ይሆን?» ብሎ ይገባል፣ በመውጫውም ያንኑ እያለ ይወጣል። ቤተሰቡ ጦርነት ያየ፣ መንገድ ተዘግቶበት ለእረፍት አገሩ መግባት ያልቻለ፣ ስልክ ተቋርጦ የእናቱን ድምፅ ለወራት ያልሰማ ተማሪም እዚያው ዶርም ውስጥ አለ።

አማራጭ ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ ወር ብቻ ቁጠሩ። የሚመጣውን ሁሉ በአራት ቅርጫት ክፈሉት። አንደኛው የትምህርትና የአስተዳደር ጣጣ ነው፤ የዲፓርትመንት ምደባ፣ ፕሮቤሽን (የውጤት ማስጠንቀቂያ)፣ ዲስሚሳል (ከትምህርት መሰናበት)። ሁለተኛው የኑሮ ሐዘን ነው፤ ናፍቆት፣ የፍቅር መለያየት፣ ሞት፣ የገንዘብ ችግር። ሦስተኛው ክፍል መግባትና መመገብ እስኪያቅት ድረስ የከበደ ጭንቀትና ድባቴ ነው። አራተኛው ለሐኪም የሚባለው ነው፤ ድምፅ የሚሰማ፣ ቀናት ሙሉ እንቅልፍ ሳይተኛ የሚናገር፣ ሕይወቱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ፣ ከጫትና ከመጠጥ መላቀቅ ያቃተው።

ይህ ቆጠራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ደብተርና እርሳስ ነው። ብዙ ግቢዎች ይዘሉታል፤ ዘለውት ደግሞ ለአንደኛው ቅርጫት የሚሆን መፍትሔ ለአራተኛው ይገዛሉ።

ካውንስለር መጨመር

ዓለም አቀፉ የምክር አገልግሎቶች ማኅበር የሚያቀርበው መለኪያ ከ1,000 እስከ 1,500 ለሚደርሱ ተማሪዎች አንድ ባለሙያ ነው። 15,000 ተማሪ ያለው ግቢ እንግዲህ ከ10 እስከ 15 ሰው ይፈልጋል ማለት ነው።

በራሳችን ሒሳብም ብንሄድ እዚያው እንደርሳለን። አንድ ካውንስለር በሳምንት 22 ተማሪ ቢያነጋግር፣ በ16 ሳምንት ሴሚስተር 352 ቀጠሮ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ስድስት ጊዜ ቢሰጥ 58 ተማሪ ጨረሰ። ከ15,000ው 5 በመቶው ብቻ ቢመጣ 750 ነው፤ ለ750 ተማሪ 13 ካውንስለር። አሁን እናንተ ያላችሁን ቁጥሩ። ሁለት? ሦስት? ለዚያውም አንዱ ከሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት በትርፍ ሰዓት የመጣ መምህር?

እዚህ ላይ የምይዘው ቅሬታ አለኝ። ሰኞ ውጤት የሚሰጥህ መምህር ማክሰኞ ምሥጢርህን አይሰማህም። ተማሪው ያውቀዋል፤ ስለዚህ አይመጣም፤ ስላልመጣም «ፍላጎት የለም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። አንድ የሙሉ ጊዜ ካውንስለር ከሦስት የትርፍ ሰዓት መምህራን ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ሴት ተማሪዎች «ሴት ካለች» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከሁለት ቅጥር አንዷ ሴት ትሁን። የግቢው ተማሪ ከየአቅጣጫው የመጣ ነውና አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ የሚችል ባለሙያ መኖሩም ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ሲከፋው የሚያለቅሰው በእናቱ ቋንቋ ነው።

ቶሎ ማየት ወይስ ደኅና አድርጎ ማየት?

ዋናው ምርጫ ይህ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንም ሳይመርጠው ነው የሚወሰነው።

ወረፋ ሲረዝም የሚመጣው ሐሳብ «የመጣውን ሁሉ በዕለቱ እንይ» የሚል ነው። ደስ ይላል። ተማሪው በመጣበት ቀን ይስተናገዳል፣ ዲኑም «ወረፋ የለም» ብሎ ለፕሬዝዳንቱ ይነግራል። ታዲያ ሁለተኛው ቀጠሮ መቼ ነው? ከአምስት ሳምንት በኋላ። አዲስ የሚመጣው ሁሉ የካውንስለሩን ሰዓት ስለሚበላ፣ ትናንት የመጣው ቦታ ያጣል። እኛ ጋ አንድ ሴሚስተር እንዲህ ሠርተናል። መዝገቡን ስናየው የመጀመሪያ ቀጠሮ ሞልቶ ተርፏል፤ ሦስተኛ ቀጠሮ ላይ የደረሰ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

የፔን ስቴቱ ማዕከል ከብዙ ኮሌጆች በሰበሰበው መረጃ ያገኘውም ከዚህ አይርቅም። በአንድ ባለሙያ ላይ የሚጫነው ተማሪ በበዛ ቁጥር ተማሪው የሚያገኘው ቀጠሮ ያንሳል፣ በቀጠሮዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ የሚያገኘው መሻሻልም ይቀንሳል። የአቅም መለኪያቸውን የሠሩት ይህንኑ ለማሳየት ነው፤ ቁጥሩ ለአለቃ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል።

መሐል መንገድ አለ። በካናዳ የሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው በደረጃ የሚሰጥ አገልግሎት አለ፤ ተማሪው መጀመሪያ አጭር ቆይታ ያደርጋል፣ ከዚያ እንደ ችግሩ ክብደትና እንደ ፍላጎቱ ወደ ንባብ፣ ወደ ቡድን፣ ወደ ግል ምክር ወይም ወደ ሐኪም ይመራል። ሁሉም ሰው ለስድስት ቀጠሮ አይሰለፍም። ለእኛ ግቢ ስቀዳው እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ያለ ቀጠሮ የሚመጣውን ማስተናገድ፣ ለእያንዳንዱ 20 ደቂቃ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ለተጀመሩት ብቻ። የከሰዓቱ ሰዓት በማንም ምክንያት አይነካ፤ የዲኑ እንግዳ ቢመጣም። ድንገተኛ አደጋ ብቻ ይለፍበት።

በ20 ደቂቃው ውስጥ መጠይቅ ይረዳል። ኤስ አር ኪው 20 የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ 20 የአዎ/አይ ጥያቄዎች አሉት፤ በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ብዙ ጥናት ላይ ውሏል። የድባቴን ምልክት የሚለካው ፒ ኤች ኪው 9 ደግሞ ዘጠኝ ጥያቄ ነው፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሄዳል። ሁለቱም ውስጥ ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። ፎርሙን የሚሰበስበው ጸሐፊም ይሁን ነርስ፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ ተማሪው ከክፍሉ ሳይወጣ ማየት አለበት። «አዎ» የሚል ወረቀት እስከ ማግስቱ ፋይል ውስጥ የሚያድር ከሆነ መጠይቁን ባትሰጡት ይሻላል። «አዎ» ያለ ተማሪ በዚያው ዕለት ከባለሙያ ይገናኛል፣ ብቻውን አይተውም፣ ዶርም የሚያድረውም ከሚያምነው ሰው ጋር ነው። ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚመራ ከሆነ ግን ከእርሱ በኋላ ማንም «አዎ» አይላችሁም።

በቡድን ማገዝ

በአጭሩ፦ ስምንት ተማሪ ለየብቻ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢሰጠው 48 ሰዓት ነው። ስምንቱን አንድ ላይ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለስምንት ሳምንት ብታገኟቸው 12 ሰዓት ነው፤ ሁለት አወያይ ቢገባም 24። ለፈተና ጭንቀት፣ ለሬሚዲያል ተማሪዎች፣ ዘመድ ለሞተባቸው ይሠራል። ነገር ግን በኛ አገር «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያደገ ልጅ በክፍል ጓደኞቹ ፊት አይከፍትም። ስለዚህ ቡድኑን ከተለያየ ዲፓርትመንትና ባች አዋቅሩ፤ ስሙንም «የጭንቀት ቡድን» አትበሉት። «የፈተና ዝግጅት» ብትሉት ወንበር ይጠፋል።

ተማሪ ለተማሪ

የሐራሬዋን አግዳሚ ወንበር ሰምታችሁ ይሆናል። ዚምባብዌያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ነው፤ የሠፈር አሮጊቶች ሠልጥነው ከጤና ጣቢያ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው «ኩፉንጊሲሳ» ያለበትን ሰው ያነጋግራሉ። ቃሉ በሾና ቋንቋ «ሐሳብ ማብዛት» ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ አበዛ» የምንለው ያንኑ ነው፤ ሐኪሞቹ ድባቴና ጭንቀት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በሐራሬ 573 ሰዎች ላይ ተደርጎ፣ ከአሮጊቶቹ ጋር የተነጋገሩት ምልክታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ግልጽ ሆኖ መቀነሱን አሳይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ፒ ኤም ፕላስ የሚባል አጭር መርሐ ግብር አለው። አምስት ቀጠሮ ነው፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌለው ሰው ሠልጥኖ ሊሰጠው ይችላል። የሚያስተምረው አራት ነገር ነው፦ በቀስታ በመተንፈስ ሰውነትን ማረጋጋት፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት፣ የተተወ ሥራን በትንሽ በትንሹ መጀመር፣ ደጋፊ ሰው መፈለግ። በፓኪስታንና በኬንያ ተፈትኗል፤ በቡድን የሚሰጥ ቅጂም አለው።

ለገንዘብ አጠር ግቢ ይህ ጥሩ አማራጭ ነው። የሚበላሸው ግን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፦ ክለብ ይቋቋማል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ የሦስት ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ 40 በጎ ፈቃደኛ ልጆች ያለ ተቆጣጣሪ ይለቀቃሉ። አንዷ ሠልጣኝ የዶርም ጓደኛዋን ሕመም ሌሊት ሌሊት ስትሸከም ከርማ ራሷ ታማ መጣችብን። ጥፋቱ የኛ ነበር። ለስምንት ሠልጣኝ አንድ ባለሙያ መድቡ፤ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ይሰብስባቸው። ይህን ካልቻላችሁ ስምንቱን ብቻ አሠልጥኑ። ቲሸርቱ ይቅር።

ስልክና ቴሌግራም

ተማሪው የሚያወራው ቴሌግራም ላይ ነው። በየግቢው ስም የተከፈቱ የኮንፌሽን ቻናሎችን አንድ ማታ ብታነቡ የአግዳሚዋን ወንበር ዕዳ ሁሉ እዚያ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በስልክና በጽሑፍ ምክር መስጠት የሚያጓጓ ነው፤ በተለይ ዶርም ለሌላቸው፣ ከቤት ለሚመላለሱ የግል ኮሌጅ ተማሪዎች፣ ለኤክስቴንሽንና ለክረምት ተማሪዎች።

የመንግሥት ግቢ ውስጥ ግን አስቡት፦ ልጁ የት ሆኖ ነው የሚያወራው? ዶርሙ ውስጥ ስድስት ሰው አለ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይተላለፋል። ስታዲየም ዳር ኔትወርክ የለም። እኔ ለቀጠሮ፣ ለማስታወሻና ለመጀመሪያ ጥያቄ ብቻ ነው የምመርጠው። ስም ሳይጠቅስ ሌሊት ስምንት ሰዓት «በቃኝ» ብሎ ለሚጽፍ ተማሪ የሚመልስ ተረኛ ካልመደባችሁ ገጹን አትክፈቱ፤ ወይም የሥራ ሰዓቱን በትልቁ ጻፉና ከዚያ ውጭ የትኛው በር እንደሚንኳኳ አሳዩ።

ከሆስፒታል ጋር መተሳሰር

አራተኛው ቅርጫት ከዚህ ሌላ መፍትሔ የለውም። የጎንደር፣ የጅማ፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ማስተማሪያ ሆስፒታል አላቸው፤ የሥነ አእምሮ ክፍልም አለ። ለእነርሱ ጥያቄው የወረቀት ነው፤ ተማሪው ካርድ ለማውጣት ከሕዝቡ ጋር ከንጋት ይሰለፋል ወይስ ከግቢ ክሊኒኩ ጋር የተስማሙበት ቀን አለ? አዲስ አበባ ያለ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለው። አዳዲሶቹ ግቢዎች፣ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩት፣ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

ለእነርሱ የማቀርበው ተማሪውን ወደ ሆስፒታል ከመላክ ይልቅ ባለሙያውን ወደ ግቢ ማምጣት ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን የሚመጣ የሥነ አእምሮ ነርስ፣ በግቢ ክሊኒክ፣ እንደ ማንኛውም ታካሚ ካርድ ይዞ የሚገባ ተማሪ። «ሪፈር» ተብሎ ወረቀት ከተሰጠው ተማሪ ስንቱ ሆስፒታል ደርሶ ያውቃል? ተከታትላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አንድ ጊዜ ደውለን ጠየቅን። ከግማሽ በላዩ ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ እንደ ያዘው ነበር። የትራንስፖርት የለውም፤ ኖሮትም ብቻውን አይሄድም።

መድኃኒት ሲጀመር ሁለት የኛን ነገር አስቡ። አንደኛው ክረምት ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ከተሻለም በኋላ ለወራት ይቀጥላል። ሰኔ ላይ የጀመረ ተማሪ ሐምሌ አገር ቤት ይገባል፤ እዚያ ፋርማሲ የለም፣ እናቱም «ምንድን ነው የምትውጠው?» ትላለች። የሦስት ወር መድኃኒትና የቅርቡን ጤና ጣቢያ ስም ይዞ ይሂድ። ለማን ምን እንደሚናገርም ከመሄዱ በፊት አብራችሁ ተነጋገሩበት።

ሁለተኛው ጸበል ነው። ቤተሰብ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ጸበል ነው፤ ሙስሊሙም ሩቅያ ይላል። ከዚህ ጋር ግብ ግብ የሚገጥም ካውንስለር ተማሪውንም ቤተሰቡንም ያጣል። «ጸበሉንም ጠጣ፣ ኪኒኑንም አታቋርጥ» የሚለው ይበቃል። በጾምና በረመዳን የመዋጫውን ሰዓት ለማስተካከል ነርሱን መጠየቅ ነው።

ፕሮክተሩ፣ መምህሩ፣ ሬጅስትራሩ

ድባቴን ከካውንስለር በፊት የሚያየው የካፌ ቲከሩ ነው፤ ሚል ካርዱ ለአራት ቀን ያልተመታበትን ልጅ ያውቀዋል። የዶርም ተቆጣጣሪው ፕሮክተር ቀን ሙሉ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚውለውን ያውቀዋል። ለእነዚህ ሰዎች ግማሽ ቀን ሥልጠናና አንድ ስልክ ቁጥር መስጠት ከሁሉ ርካሹ ሥራ ነው። ግን ቁጥሩን የሚያነሣ ሰው ከኖረ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ቀድማችሁ ብታሠለጥኑ አግዳሚዋ ወንበር ትሰበራለች።

የአንደኛው ቅርጫት ነገር ደግሞ ጨርሶ የምክር ጉዳይ አይደለም። የዲስሚሳል ዝርዝር ዓርብ ከሰዓት፣ ቢሮ ሊዘጋ ሲል የሚለጠፍ ከሆነ፣ ልጁ የሪአድሚሽን (ተመልሶ የመግባት) ሕጉን የሚነግረው ሰው ሳያገኝ ሁለት ሌሊት ያድራል። ዝርዝሩ ሰኞ ጧት ቢለጠፍና ከሥሩ «ቢሮ ቁጥር እንዲህ ኑ» ቢባል ካውንስለር ሳይቀጠር ስንት ሌሊት ይቀላል። ይህን አስተካክሉ ብሎ ለሬጅስትራር ደብዳቤ መጻፍም የምክር ክፍሉ ሥራ ነው።

እንግዲህ የቱን?

አንድ ወይም ሁለት ካውንስለር ብቻ ያለው፣ ከከተማ የራቀ ግቢ ከሆናችሁ፦ የጧቱን ያለ ቀጠሮ ሰዓትና የተጠበቀውን ከሰዓት ዛሬ ጀምሩ፤ የሥነ አእምሮ ነርሱን ለማምጣት ከሆስፒታሉ ጋር ተፈራረሙ፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ስምንት የተማሪ ረዳት ጨምሩ። ቴሌግራሙን ለጊዜው ተዉት።

ማስተማሪያ ሆስፒታል ያለው ትልቅ ግቢ ከሆናችሁ ባለሙያ አላጣችሁም፤ ያጣችሁት መንገድ ነው። ለቡድን ምክርና ለሙሉ ጊዜ ካውንስለር ተከራከሩ፤ ስትከራከሩም ከላይ ያለውን የ58 ተማሪ ሒሳብ በራሳችሁ ቁጥር ሠርታችሁ ይዛችሁ ግቡ። ዶርም የሌለው የግል ኮሌጅ ከሆናችሁ ስልኩ ለእናንተ ነው፤ ከአንድ ክሊኒክ ጋር ውል ግቡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀጠሮዎች ኮሌጁ ይክፈል።

ከስድስት ወር በኋላ የመጣውን ሰው ብዛት ብቻ አትቁጠሩ። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ ስንት ቀን አለፈ? ሦስተኛው ላይ ስንቱ ደረሰ? ሪፈር ከተባለው ስንቱ ሐኪም ፊት ተቀመጠ? የፒ ኤች ኪው ድምሩ ከመጀመሪያው ቀን ጋር ሲነጻጸር ወረደ? ለእነዚህ አራቱ የሚሆን ቦታ መዝገባችሁ ላይ ከሌለ ዛሬ አስምሩ። መዝገቡም የሚቆለፍበት ሳጥን የዲኑ ሳይሆን የካውንስለሩ ይሁን፤ በር ላይ ስም የሚጻፍበት ደብተር ካለም አንሡት፤ የፊተኛውን ስም የኋለኛው ያነባል።

አንድ ነገር ግን አትንኩ። በቅርቡ «ቢሮክራሲ እንቀንስ» ተብሎ ከዊዝድሮው ፎርም ላይ የካውንስለር ፊርማ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦልን ነበር። አይውጣ አልን። ያ ልጅ በዚያች መስመር ባይመጣ በሌላ በር አይመጣም ነበር።